ነጭ ሸክላ በጥቁር መድረክ፦ የአቦርጂናል ዘመናዊ ዳንስ ፎቶ እንዴት ይነሳል?

የሰርግ_ካሜራ

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሜልቦርን ነው። አንድ አነስተኛ የአቦርጂናል (የአውስትራሊያ ቀደምት ነዋሪዎች) ዘመናዊ ዳንስ ቡድን የአዲስ ሥራውን ፎቶ እንዳነሳ ጠይቆኛል። ሥራው 70 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል፤ 6 ተወዛዋዦች፣ ጥቁር መጋረጃ፣ ጭስ፣ ገላ ላይ የሚቀባ ነጭና ቀይ አፈር፣ መጨረሻው ላይ ደግሞ መሬት ላይ የተነሰነሰ ዱቄት እየተረገጠ ይነሳል። የማነሳው ሙሉ ልብስና መብራት ባለው የመጨረሻው ልምምድ ላይ ነው፤ ተመልካች አይኖርም።

እጄ የለመደው ሰርግና ክርስትና ነው፤ ፍላሽ አለ፣ ሰውም «ወደዚህ ዙር» ሲሉት ይዞራል። ያለኝ ሶኒ ኤ7 ማርክ 3፣ 24–70 እና 70–200 ሌንስ፣ ሁለቱም ኤፍ 2.8። በምን የሹተር ፍጥነትና በምን አይ ኤስ ኦ (የካሜራው ለብርሃን ንቁነት) ልጀምር? የት ልቁም? ከፎቶው ውጪስ፣ ከባህሉ አንጻር እንዳላጠፋ ቀድሜ ልጠይቀው የሚገባ ነገር አለ?

ጥላና_ብርሃን

ወንድሜ፣ በመጀመሪያ ከሰርግ ይዘሃቸው የመጣሃቸውን ሦስት ልማዶች እቤት ተዋቸው፦ ፍላሽ፣ አውቶ ዋይት ባላንስ (ካሜራው የነጩን ቀለም ራሱ ማስተካከሉ)፣ እና ካሜራው ብርሃኑን ራሱ እንዲለካ መፍቀድ። ፍላሹ የመብራት ባለሙያው የሠራውን ሁሉ ያጠፋል፤ ለተወዛዋዡም አደጋ ነው፣ ዘሎ በሚያርፍበት ቅጽበት ዓይኑ ከተወጋ ቁርጭምጭሚቱን ይዞ ይወጣል። ለፎከስ የሚበራውን ቀዩን መብራትም አጥፋው፤ ብዙ ሰው እሱን ይረሳዋል።

ብርሃኑን በማንዋል ያዝ። አብዛኛው የስዕሉ ክፍል ጥቁር መጋረጃ ስለሆነ ካሜራው «ጨለማ ነው» ብሎ ያበራዋል፣ ፊት ይቃጠላል። እዚህ ሥራ ላይ ደግሞ ችግሩ እጥፍ ነው። ነጭ ሸክላ በጠቆረ ቆዳ ላይ ሲቀባ በአንድ ገላ ላይ ብቻ የ3 ወይም የ4 ስቶፕ ልዩነት ይፈጠራል (አንድ ስቶፕ የብርሃን እጥፍ ወይም ግማሽ ነው)። ስለዚህ የምትለካው ፊቱን ሳይሆን ሸክላውን ነው። ሸክላው ሳይቃጠል ከተያዘ ቆዳውን በራው ፋይል (ካሜራው ሳያቀናብር ባስቀመጠው) ታወጣዋለህ፤ ሸክላው ከተቃጠለ ግን የጣት አሻራውና ስንጥቁ ጠፍቶ ነጭ ወረቀት የተለጠፈ ይመስላል፤ የሚመልሰው ነገር የለም።

መነሻህ ይህ ይሁን፦ ኤፍ 2.8፣ 1/500፣ አይ ኤስ ኦ 3200። ትዕይንቱ ሲደምቅ ወደ 1600 ውረድ፣ ሲጨልም እስከ 6400 ውጣ። ከዚያ በላይ አትቸኩል። የአንተ ካሜራ ከ640 በኋላ አይ ኤስ ኦ መጨመር ብዙም ጥቅም የለውም፤ በ3200 አንስቶ አንድ ስቶፕ በኮምፒውተር ማንሳትና በ6400 ማንሳት በጥራት ተቀራራቢ ናቸው፤ ልዩነቱ በመጀመሪያው መንገድ ሸክላው ይተርፋል።

ባለ ቀለም መብራት ላይ በጣም ተጠንቀቅ። በቀይ ኤል ኢ ዲ ብቻ የበራ ትዕይንት ላይ ከካሜራው አራት የብርሃን ነጥቦች አንዷ ብቻ ናት በቂ መረጃ የምትሰበስበው። ተራው ሂስቶግራም (የብርሃኑን ስርጭት የሚያሳየው ግራፍ) «ደህና ነው» ይልሃል፣ ቀዩ ግን ገደቡን አልፏል፤ ገላው ቅርጽ የሌለው ቀይ ጥፍጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ሦስቱን ቀለም ለየብቻ የሚያሳየውን ሂስቶግራም ተመልከት፣ ንጹሕ ቀይ ወይም ንጹሕ ሰማያዊ ሲመጣ አንድ ስቶፕ ቀንስ። ሂስቶግራሙ የሚሠራው ከጄፔግ ስለሆነ የስዕል ስልቱን «ኒውትራል» ላይ አድርገው፤ «ቪቪድ» ላይ ከሆነ ያልተቃጠለውን ተቃጠለ ይልሃል።

ዋይት ባላንሱን በኬልቪን (በብርሃን ቀለም መለኪያ ቁጥር) ቁረጠው። ነጩ መብራት ስንት ላይ እንደተስተካከለ የመብራት ባለሙያውን ጠይቅ፤ ለአሮጌው አምፖል 3200፣ ለኤል ኢ ዲ እንደ ቤቱ ከ4000 እስከ 5600 ይሆናል። አውቶ ላይ ከተውከው ከፎቶ ፎቶ የአፈሩ ቀለም ይቀያየራል፤ ቀይና ቢጫ አፈር ደግሞ እዚህ ጌጥ ብቻ አይደለም፣ የአንድ ቦታ አፈር ነው። ብርቱካናማ ሆኖ ከወጣ ባለቤቶቹ ወዲያው ያውቁታል።

ፎከስ፦ ተከታታይ፣ ከትንንሾቹ ዞኖች አንዱን ይዘህ። ዓይን ፈላጊውን አትመን፤ በዓይን ላይ ተሻግሮ የተቀባ ነጭ መስመር ያደናግረዋል፣ ጭንቅላትም ብዙ ጊዜ ወደ መሬት ያዘነበለ ነው። ሌላ ተወዛዋዥ በፊቱ ሲያልፍ ወይም ጭስ ሲገባ ፎከሱ እንዳይዘል የመከታተያውን ፈጣንነት ወደ ዝግተኛው ጎን አድርገው።

የእግር_ምት

ጥላና ብርሃን ያለው በአብዛኛው ልክ ነው፤ 1/500ን ለሁሉም ትዕይንት ማዋሉ ላይ ግን አልስማማም።

ይህ ዳንስ ባሌ አይደለም። የባሌ ፎቶ አንሺ ዝላይን ይጠብቃል፤ ሰውየው አየር ላይ ሲቆም ይመታል። በአቦርጂናል ዘመናዊ ዳንስ ግን ክብደቱ ወደ ታች ነው፦ ጉልበት ታጥፎ፣ ወገብ ወርዶ፣ እግር መሬቱን ሲረግጥ። ባንጋራን ያየ ሰው ይህን ያውቀዋል (በ1989 ሲድኒ ውስጥ የተመሠረተው ትልቁ ቡድን፤ ስሙ በዊራጁሪ ቋንቋ እሳት ማንደድ ማለት ነው)። የዘመናዊ ዳንስ መሬት ላይ መንከባለልና የጥንቱ እርግጫ እዚያ አንድ ላይ ተሸምነዋል። ዝላይ ብቻ እያሳደድክ ከሄድክ ከየትኛውም ዘመናዊ ቡድን የማይለይ ፎቶ ይዘህ ትመጣለህ።

ለእኛ ሰው በእስክስታ ላስረዳ። እስክስታን በ1/1000 ካነሳኸው ትከሻው ደርቆ ቀጥ ብሎ የቆመ ሰው ታገኛለህ፤ በ1/60 ወይም 1/80 ካነሳኸው ፊቱ ጥርት ብሎ ትከሻውና ነጠላው ይንቀጠቀጣል። እርግጫም እንደዚያው ነው። ዱቄቱ በ1/500 ነጥብ ነጥብ ሆኖ አየር ላይ ይደርቃል፤ በ1/125 ወይም 1/160 ግን ወደ ላይ የሚፈስ ይመስላል፣ አካሉ ዝቅ ብሎ ስለረጋ ጥራቱ ብዙም አይጎዳም። ለዝላይና ለፈጣን ዙር 1/500 እና ከዚያ በላይ፣ ለእርግጫው 1/160፣ ለዝግታ ክፍሎች 1/200። 1/15ን መሞከር ከፈለግህ ሞኖፖድ ያዝ፤ ግን ከ30 ፎቶ አንዱ ነው የሚሳካው፣ ዋና ዋናውን ካስገባህ በኋላ ሞክረው።

የምትመታበት ቅጽበት፦ እግር መሬት ሲነካ ሳይሆን ከነካ በኋላ። ሲነካ ዱቄቱ ገና አልተነሳም። ከሰኮንድ አንድ አምስተኛ ያህል ቆይቶ ጉልበት ድረስ ይደርሳል፤ ስለዚህ ልክ እርግጫው ሲጀምር ከ4 እስከ 5 ፎቶ ያለው አጭር ሩምታ ልቀቅ። ምቱን በጆሮ ያዝ፦ ሙዚቃውን ቀድመው ከላኩልህ ሁለት ሦስት ጊዜ ሰምተህ ሂድ።

ዱቄት የሚታየው ከኋላ ወይም ከጎን መብራት ሲወጋው ብቻ ነው። ከፊት የሚመጣ መብራት ያጠፋዋል። ስለዚህ መብራቱ ከግራ ኋላ የሚመጣ ከሆነ አንተ በቀኝ ፊት ቁም፤ ከዱቄቱ ጀርባ ጥቁር መጋረጃ እንጂ የበራ ዕቃ እንዳይኖር ተጠንቀቅ። መብራቱ ወደ አንተ ስለሚመለከት የሌንስ ጥላውን አድርግ፣ ዩ ቪ ፊልተሩን አውልቅ፤ ፊልተር ካለ የመብራቶቹ አረንጓዴ ምስል ስዕሉ መሃል ይንሳፈፋል።

የመቆሚያው ነገር፦ መድረኩ ከፍ ያለ ከሆነ የፊተኛውን ወንበር ተወው። ከታች ወደ ላይ ስታይ የመድረኩ ጠርዝ እግር ይቆርጣል፣ በዚህ ዳንስ እግር ከተቆረጠ ፎቶው አልቋል። ከ5ኛው እስከ 8ኛው ረድፍ መሃል ላይ፣ ካሜራው ከመድረኩ ወለል ትንሽ ከፍ ብሎ። ወለሉ በስዕሉ ውስጥ ይኑር፤ የተነሰነሰው ዱቄት ላይ እግር የጻፈው መስመር ራሱ የሥራው አካል ነው። መጋረጃው ጥግ ውስጥ ግን ካልፈቀዱልህ አትግባ፤ ተወዛዋዥ በሩጫ የሚወጣበት በር ነው።

ሌንስ በአዳራሹ ውስጥ አትቀይር። ሁለተኛ ካሜራ ተከራይ ወይም አንዱን ሌንስ መርጠህ ቁረጥ። የአፈር ዱቄት ከጭስ ጋር ሲሆን ሴንሰር ላይ ይጣበቃል። ሌንሱ ላይ ከተቀመጠም በጨርቅ አትጥረገው፣ ድንጋይ ነው፣ ይጭራል፤ በአየር መንፊያ አራግፈው።

ማህደር_ጠባቂዋ

ስለ ካሜራው ወንድሞቼ ብለውታል። ሦስተኛው ጥያቄህ ላይ ልቆይ፤ የሚያበላሸውም እሱ ነው።

ለምን ጥንቃቄ እንደሚበዛ ልንገርህ። ስፔንሰርና ጊለን የሚባሉ ሁለት ሰዎች በ1896 በመካከለኛው አውስትራሊያ የአረርንተ ሕዝብን ሥርዓት ፎቶ አንስተው በ1899 በመጽሐፍ አወጡት፤ ከውስጡ ሥርዓቱን ያልፈጸመ ሰው ጨርሶ ማየት የማይገባው ነገር ነበረበት። በአሜሪካ ደግሞ ፎቶ አንሺው ኤድዋርድ ከርቲስ በ1910 ገደማ ባነሳው የፒጋን (የአሜሪካ ቀደምት ነዋሪ ሕዝብ) ድንኳን ፎቶ ላይ በሁለት ሰዎች መሃል የነበረውን ሰዓት ፍቆ አጥፍቶታል፤ «ጥንታዊ» እንዲመስል። የአንተ ደንበኛ ዘመናዊ ዳንስ ነው የሚሠራው። ስለዚህ ማይክሮፎኑን፣ ጉልበት ላይ የታሰረውን ፋሻ፣ የልምምድ ጫማውን «ባህሉን ያበላሻል» ብለህ አትሰርዝ፤ ቡድኑ ራሱ ካልጠየቀህ በስተቀር።

ከልምምዱ ቢያንስ አንድ ሳምንት ቀደም ብለህ ለፕሮዳክሽን ማናጀሩ ጻፍ። የሚከተለውን ጠይቅ፦ የማይነሳ ክፍል አለ? አንዳንድ ውዝዋዜ ከአንድ ሕዝብ ሽማግሌዎች በፈቃድ የተወሰደ ነው፤ ለመድረክ የተፈቀደ ሁሉ ለፎቶ ተፈቅዷል ማለት አይደለም። አፈር ሲቀባቡ ማንሳት ይቻላል? ልምምዱ ሲጀመር የጭስ ሥርዓት (ቅጠል በማጨስ የሚደረግ ባህላዊ ሥርዓት) ካለ ካሜራው ይውረድ ወይስ ይቀጥል? ምርጫውን የሚያጸድቀው ማነው፣ ኮሪዮግራፈሩ (ውዝዋዜውን ያቀናበረው) ብቻ ወይስ የባህል አማካሪውም? ተወዛዋዦቹስ ራሳቸውን የማየትና «ይህ አይውጣ» የማለት መብት አላቸው? መልሱን በጽሑፍ ያዝ።

ገላ ላይ ያለው ንድፍ የአንድ ጎሳ ሊሆን ይችላል። ከዚህ የሚከተሉ ሦስት የኤዲት ክልከላዎች አሉ፦ ፎቶውን እንደ መስታወት ግራና ቀኝ አታገላብጥ፣ ንድፉ ይለወጣል። ንድፉን ብቻ ቆርጠህ እንደ ጌጥ አታውጣ። የተሰነጠቀውን ሸክላ «አላማረም» ብለህ አትጠግን፣ በሰው ሠራሽ አስተውሎትም አትሙላ። የአውስትራሊያ የ1968 የቅጂ መብት ሕግ የጎሳን የጋራ ንድፍ በቀጥታ አይጠብቅም፤ ያ ማለት ግን ሜዳው ክፍት ነው ማለት አይደለም። በ1998 የሠዓሊው የቡሉን ቡሉን ጉዳይ ላይ የፌዴራል ፍርድ ቤቱ የሠዓሊው ጎሳ፣ ጋናልቢንጉ፣ የቅጂ መብቱ ባለቤት ባይሆንም ሠዓሊው ለጎሳው የአደራ ግዴታ እንዳለበት ተናግሯል። ጉዳዩ የተነሳው ሥዕሉ ያለ ፈቃድ ጨርቅ ላይ ታትሞ ስለነበር ነው።

የቆዳ ቀለምም አለ። ከ6ቱ አንዱ ጠይም፣ አንዱ ጥቁር፣ አንዱ ቀይ ሊሆን ይችላል፤ አቦርጂናል መሆን በቆዳ አይለካም። በኤዲት አንዱን ወደ ሌላው አታስጠጋ፣ ማንንም አታቅላ፣ ማንንም አታጥቁር።

ስም፦ ከፎቶው ሥር የተወዛዋዡ ስም፣ ሕዝቡ እሱ ራሱ በሚጽፍበት አጻጻፍ፣ የሥራው ርዕስ፣ ኮሪዮግራፈሩ፣ የመብራትና የልብስ ባለሙያዎቹ፣ ቦታና ዓመት። «አቦርጂናል ተወዛዋዥ» ብሎ መተው ሰውን ስም አልባ ማድረግ ነው። ይህን ሁሉ ፋይሉ ውስጥ ክተተው፣ ኢሜይሉ ላይ ብቻ ከጻፍከው ፎቶው ጋዜጣ ሲደርስ ይጠፋል። ሎካል ኮንቴክስትስ የሚባለው ድርጅት የሚያዘጋጃቸው የባህላዊ ዕውቀት ምልክቶች አሉ፤ መለጠፍ የሚችለው ግን ማኅበረሰቡ ነው፣ አንተ በራስህ አትለጥፍ።

አንድ ነገር ደግሞ ሰው ሁሉ የሚዘነጋው፦ ሞት። በብዙ የአቦርጂናልና የቶረስ ስትሬት ደሴቶች ማኅበረሰቦች የሟችን ስምና ምስል ለተወሰነ ጊዜ አያወጡም፤ ለምን ያህል ጊዜ እንደሆነ የሚወስነው ቤተሰቡ ነው። ነገ ስልክ ቢደወልልህ የዚያን ሰው ፎቶዎች በአንድ ሰዓት ውስጥ ከድረ ገጽህ ማውረድ መቻል አለብህ። ለዚህ ነው እያንዳንዱ ፎቶ ላይ፣ የቡድን ፎቶም ጭምር፣ ያለውን ሰው ሁሉ በስም መመዝገብ ያለብህ። አውጥተህ አትደምስሰው፤ አግደህ አስቀምጠው፣ ቤተሰቡ በኋላ ራሱ ሊጠይቅህ ይችላል።

የሰርግ_ካሜራ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ከጠበቅሁት በላይ ነው። እህቴ ያልሽውን ሁሉ በኢሜይል ልኬ መልስ አግኝቻለሁ፤ ሁለተኛው ክፍል ውስጥ 6 ደቂቃ ያህል ካሜራ ይወርዳል፣ የቀረው ክፍት ነው።

ትናንት የመብራት ልምምድ ላይ ለሙከራ ጥቂት አነሳሁ። ድምፅ እንዳይኖር ድምፅ አልባውን ሹተር ተጠቀምሁ። በአንዱ ትዕይንት ብቻ አግድም ጥቁር መስመሮች በፎቶው ላይ ተደርድረው መጡ፤ ሌላው ንጹሕ ነው። ካሜራው ተበላሽቶ ይሆን?

ጥላና_ብርሃን

አልተበላሸም። ኤል ኢ ዲው ነው። ኤል ኢ ዲ ሲደበዝዝ ብዙውን ጊዜ ብርሃኑ አይቀንስም፤ በጣም በፍጥነት እየበራ እየጠፋ ነው ዓይናችንን የሚያታልለው። የአንተ ካሜራ በድምፅ አልባው ሹተር ስዕሉን ከላይ እስከ ታች አንብቦ ለመጨረስ ከ1/20 ሰከንድ በላይ ይፈጅበታል፤ ሲያነብ መብራቱ ብዙ ጊዜ በርቶ ጠፍቷል፣ እያንዳንዱ መጥፋት አንድ መስመር ይሆናል። ያ ትዕይንት ብቻ ላይ የመጣው መብራቱ እዚያ ዝቅ ተደርጎ ስለተያዘ ነው።

ወደ ሜካኒካሉ ሹተር ተመለስ። የሹተሩ መጋረጃ ሙሉውን ስዕል በ1/250 ሰከንድ አካባቢ ስለሚያልፈው መስመሩ ይጠፋል ወይም ሁለት ሦስት ሰፋፊ ጥላ ሆኖ ይቀራል። ከቀረም ፍጥነቱን ወደ 1/160 አውርደው። ካሜራህ ላይ ያለው የፍሊከር (የመብራት ብልጭታ) መከላከያ ለ100 እና ለ120 ኸርዝ ብቻ የተሠራ ነው፣ ለእንዲህ ዓይነቱ ኤል ኢ ዲ አይረዳህም። እንደ ኒኮን ዜድ 9 ያሉት ፈጣን አንባቢዎች ከዚህ ችግር ይብዛም ይነስም ነፃ ናቸው፤ አንድ ቀን ለመከራየት ግን ለዚህ ሥራ አያስፈልግህም።

ድምፁን በተመለከተ ተመልካች ስለሌለ ሜካኒካሉ ችግር አይሆንም፤ በጸጥታው ክፍል ላይ ብቻ ሩምታ አትልቀቅ፣ አንድ አንድ አድርገህ ምታ።

የእግር_ምት

አንድ ልጨምር። የመብራት ባለሙያውን «ያንን ትዕይንት ትንሽ ከፍ አድርግልኝ» ብለህ እንዳትጠይቀው። ልምምዱ የነሱ እንጂ የፎቶ ቀጠሮ አይደለም። የተለየ ነገር ካስፈለገህ ከልምምዱ በኋላ 15 ደቂቃ አስፈቅደህ ሦስት ቅጽበት መርጠህ አስደግም፤ ተወዛዋዦቹ እንዳይበርዱ ወዲያው፣ ሸክላውም ሳይረግፍ።

የሰርግ_ካሜራ

ስንት ፎቶ ላስረክብ? ለሰርግ 600 ነው የምሰጠው። ከዚያ የተረፈውን ደግሞ ለፎቶ መሸጫ ድረ ገጽ ማስገባት ይቻላል?

ማህደር_ጠባቂዋ

መሸጫው አይሆንም። ውልህ ላይ ዝም ቢል እንኳ አይሆንም፤ እዚያ ከገባ በኋላ ማን ሸሚዝ ላይ እንደሚያትመው አታውቅም፣ ቤተሰብ አውርድ ቢልህም ልታወርደው አትችልም። ውሉ ላይ ለምን ለምን እንደሚውል በስም ዘርዝሩ፦ ለጋዜጣ፣ ለፖስተር፣ ለማመልከቻ፣ ለአንተ ሥራ ማሳያ። ያልተዘረዘረ ሁሉ በድጋሚ ይጠየቃል።

ለ70 ደቂቃ ሥራ ከ1000 ፎቶ ባትበልጥ ጥሩ ነው፤ ከዚያ 60 ወይም 70 ይጸድቁ ዘንድ ትልካለህ፣ ለጋዜጣ ደግሞ 10። ጋዜጣው የሚፈልገው በማግስቱ ጠዋት ነው፤ ስለዚህ አጽዳቂው ሰው ያን ምሽት ስልኩን እንዲያነሳ ቀድመህ ተነጋገር። ከ10ሩ ቢያንስ ሦስቱ በቁም፣ ሦስቱ በአግድም፣ አንዱ ደግሞ 6ቱም ተወዛዋዦች ከነእግራቸው ያሉበት ይሁን። የመጨረሻው ሁልጊዜ ይጠየቃል፣ ሁልጊዜም ይረሳል።